የተያዙ ደብዳቤዎች

የጫኖ ፍራፍሬ አምራቾች ማኅበር አርባ ምንጭ ከተማ ሲቀላ ሰፈር ባለው ቢሮው የራሱ የኢሜይል ሰርቨር አለው። ሰርቨር ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠች፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የምትንገታገት ጥቁር ሳጥን ናት። የተከላት የማኅበሩ የኮምፒውተር ባለሙያ ገነነ ነው፤ በዚህ ዓለም የሚኮራባት ነገር ቢኖር ከልጁ ቀጥሎ እሷ ናት።

በሚያዝያ ወር በሳጥኗ ላይ የአይፈለጌ መልእክት መዓት ወረደባት። ያልቆረጡት ሎተሪ ወጣላችሁ የሚል፣ የራሰ በራ መድኃኒት የሚሸጥ፣ የሟች ባለሥልጣን ወራሽ ነኝ የሚል፤ በቀን አራት መቶ ይገባል። የሙዝ ገዢዎች ደብዳቤ በመሃል እየጠፋ የማኅበሩ ሊቀመንበር አስቴር ተማረረች። ቶሎ ማጣሪያ ይተከልልኝ አለች።

ገነነን ያጣደፈው ግን የሙዙ ጉዳይ አልነበረም። ልጁ አቢጋኤል ውጭ አገር ለማስተርስ አመልክታ መልሱን የምትጠብቀው በዚሁ ሰርቨር ነው። አድራሻውን የሰጣት ራሱ ነው፤ በመሥሪያ ቤት አድራሻ የሚጽፍ ሰው ይከበራል ብሎ። ተቀባይነት ካገኘች እስከ ግንቦት ሠላሳ እመጣለሁ ብላ ማረጋገጥ አለባት፤ አለዚያ ዕድሉ ያልፋታል። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ የገነነም ምኞት ይቺን ልጅ ለወግ ለማዕረግ ማብቃት ብቻ ነው።

ማጣሪያውን አባትና ልጅ አብረው ተከሉት። ስኳሩ ዓይኑን ስላደከመበት እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። ማጣሪያው ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ከአምስት ያለፈውን ለባለቤቱ አያደርስም፣ ለብቻው ይይዘዋል። ጥሩውንና መጥፎውን እያሳዩት ነው የሚማረው። አቢጋኤል ጥሩውንም በስህተት ይይዛል ወይ ብላ ጠየቀችው። አዎ ይይዛል አላት፤ ስለዚህ የተያዙትን በየቀኑ ማየት የግድ ነው።

እንዲህ ሆነና አቢጋኤል ሥራ እስክታገኝ በየቀኑ በምሳ ሰዓት የአባቷን ምሳ ይዛ ቢሮ ትመጣለች። እሱ ይበላል፣ እሷ የተያዙትን ዝርዝር ታነባለች። ስለ ሎተሪው ይስቃሉ። በመጨረሻ ገነነ ጉርሻውን አቁሞ ከዩኒቨርሲቲው የመጣ አለ ወይ ይላል። የለም ትለዋለች።

ግንቦት ሲጋመስ ሰውዬውን አላስቆም አላስቀምጥ አለው። ጠዋት በሩን ከፍቶ ገና ሳይቀመጥ ሳጥኗን ይነካካል። ገመዱን ይነቅላል፣ መልሶ ይሰካል። ልጅቷ ደግሞ ከእሱ ብሳለች፤ ምግብ ትታለች፣ ስልኳ ሲጮህ ትደነግጣለች፣ ሲያናግራት ዓይኗ ይሸሻል። ተስፋ ቆርጣ ነው ብሎ አሰበ። አንድ ቀን እኔ እኮ እዚሁ አርባ ምንጭ ሥራ አላጣም ብትለው ተቆጣት። የድካም ወሬ አልሰማም አላት።

ታዲያ ደብዳቤውን ማን በላው? ገነነ አስቦ አስቦ ጌታነህ ላይ ደረሰ። ጌታነህ ረዳቱ ነው፤ ከሁለቱ ሌላ የሰርቨሩን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሠራተኛ የለም። ወንድሙ ኦቾሎ በምትባል መንደር አስተማሪ ነው፤ ለዚያው ዕድል አመልክቷል። ነገሩ ገባው! ይኸው ጌታነህ ሰሞኑን ጨዋታ አቁሟል፤ ገነነ ብቅ ሲል ስክሪኑን ይዘጋል። ይባስ ብሎ አንድ ማክሰኞ ጠጋ አለና፣

«ጋሼ፣ ዛሬ የተያዙትን እኔ ላንብብልዎት?» አለው።

«አንባቢ አለኝ» አለው ገነነ።

ምን ቢፈልግ ነው ንባብ ያማረው? የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው እንጂ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገነነ ጥርሱን ነከሰበት፤ ሰላምታውንም በአንገት ብቻ አደረገው።

ግንቦት ሃያ ዘጠኝ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። አስቴር ቢሮ ገብቶ ይህ ሰው የልጄን እንጀራ ዘግቶባታል ብሎ ከሰሰው። አስቴር ነገር በሐሜት አታምንም፤ ሁለቱንም ይዛ ሳጥኗ ወዳለችበት ክፍል መጣች። ቀነ ገደቡ ሊያልፍ አንድ ቀን የቀረው ጉዳይ ነውና ጌታነህ የተያዙትን ከሚያዝያ ጀምሮ እዚሁ ፊቷ እንዲያነብ አዘዘች።

ጌታነህ አንገቱን ደፋ። እጁ ቁልፎቹ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይቅርብዎት።»

«ፈራህ?» አለ ገነነ። «አንብብ።»

ጌታነህ ወደ አስቴር ቀና አለ፤ እሷም ራሷን ነቀነቀችለት። ዝርዝሩን ወደ ታች እየገፋ ሎተሪውን፣ መድኃኒቱን፣ ወራሹን አለፈና አንዱ ላይ ቆመ። አስቴር እንድትሰማው እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበ። ግንቦት አራት የገባ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው ነው፤ አቢጋኤልን ሙሉ ወጪዋን ችለን ተቀብለናል ይላል።

ገነነ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። ሌባውን በእጁ የያዘ ያህል ደስም አለው፣ ተንገበገበም። ነገ ገና ቀን አለ፣ አሁኑኑ እንጽፍላቸዋለን አለ። ልጁ እስክትመጣ እንኳ መታገሥ አልቻለም፤ እመጣለሁ ብለህ ጻፍ፣ እጅህ ይካስ ብሎ ጌታነህን ትከሻውን ገፋው።

ጌታነህ አልጻፈም። ከዚያው ሥር ሌላ አለ አለ፤ ግንቦት ስድስት የገባ፣ ምላሽሽ ደርሶናል፣ ውሳኔሽ አሳዝኖናል የሚል። የእሷም ደብዳቤ ከታች ተያይዟል። ገነነ አንገቱን ወደ ስክሪኑ ቢያስጠጋም ፊደሎቹ ተደባለቁበት። አንብብልኝ አለ፤ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ለሰጣችሁኝ ዕድል አመሰግናለሁ። አባቴን ብቻውን ትቼ መምጣት አልችልም፤ ለሌላ ሰው ስጡት። አቢጋኤል ገነነ፣ ግንቦት አምስት።»