አሥራ አራቱ ዓሣዎች

እኛ በደቡብ አንድሮስ ደሴት ዓሣ አጥማጅ እንግዶችን የምንመራ መሪዎች ስለ ዓይናችን ማውራት እንወዳለን። ጉልበት በሚደርስ ባሕር ውስጥ፣ ከውሃው ቀለም የማይለየውን ቦንፊሽ የተባለ ዓሣ ከስልሳ ጫማ ርቀት እናያለን። ካላየነውም አየን እንላለን። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበዛ እንግዳ ፊት አይወራም።

ሥራው ይኸው ነው። መሪው ከጀልባዋ ኋላ፣ ከሞተሩ በላይ ባለችው መቆሚያ ላይ ይወጣና በረጅም እንጨት የባሕሩን ወለል እየገፋ ቀስ ብሎ ይነዳል። እንግዳው የማጥመጃ ዘንጉን ይዞ ፊት ላይ ይቆማል። የጀልባዋ አፍንጫ እንደ ሰዓት አሥራ ሁለት ቁጥር ነው። መሪው «አሥር ሰዓት፣ አርባ ጫማ!» ሲል እንግዳው ላባ የለበሰችውን መንጠቆ ወደዚያ ይወረውራል።

ፕሬስኮት በዚህች መቆሚያ ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆሟል። ባለፈው ዓመት ግን ዓይኑን ጭጋግ ነገር ጋረደው። ለማንም አልተናገረም። ምስጢሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለነበር የሚስቅበትም እሱ ብቻ ነበር። «ትናንት የመብራት ምሰሶውን እንደምን አደርክ ብዬዋለሁ» ይላል ለራሱ፣ ፂሙን ሲላጭ። «ደግነቱ ጨዋ ነው፤ ለሰው አላወራብኝም።»

በእኛ መንደር ዓይኑ የደከመ መሪ ወደቡ ላይ ተቀምጦ የባሕር ቀንድ አውጣ ከቅርፊቱ ሲያወጣ ይውላል። የሚያልፈው ሁሉ ቆም ብሎ «አይዞን» ይለዋል። ፕሬስኮት ከሞት ይልቅ ይህን «አይዞን» ይፈራ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከሚሠራበት የእንግዳ ማረፊያ ደብዳቤ መጣለት። አዲሷ ኃላፊ ኬንድራ ሁሉን ነገር በወረቀት የምታደርግ ሴት ናት። ፕሬስኮት ደብዳቤውን አቀረበው፣ አራቀው፣ ፀሐይ ላይ ይዞት ወጣ። በደማቁ ከተጻፈው ሦስት ነገር ብቻ ለየ፦ ዓርብ፤ ፈተና፤ ሚስተር ታይንስ። የቀረው የጉንዳን ሰልፍ ነበር። ሚስቱ በሕይወት ብትኖር ታነብለት ነበር። ጎረቤት ማስነበብ ደግሞ ጉዱን በደወል ማስነገር ነው። ለነገሩ ማንበቡም አላስፈለገው፤ ኬንድራ የሽማግሌዎቹን ዓይን ልታስፈትን ነው የሚለው ወሬ ከዳቦ ቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል።

ዓርብ ጠዋት ወደቡ ላይ ጠበቀችው።

«ደብዳቤዬን አነበቡት ጋሽ ፕሬስኮት?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ተስማሙ?»

«ምን ምርጫ አለኝ?»

ኬንድራ ሳቀች። «ብቻ ፊትዎ ላይ እንዳይታወቅብዎ።»

መፍራቴን አይታብኛለች፣ አለ ፕሬስኮት በልቡ።

ሚስተር ታይንስ ከአክሊንስ ደሴት የመጣ፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሸሚዙን ተኩሶ የለበሰ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሲጨባበጡ መዳፉ እንደ ፕሬስኮት መዳፍ ሻካራ ነው፤ ላብም አርሶታል። ፕሬስኮት የራሱ ላብ መሰለው።

«አሥር ሰዓት፣ አርባ ጫማ!» አለ ፕሬስኮት፣ ጥልቀት ወደሌለው ባሕር ገና ከመድረሳቸው። ምንም አልታየውም፤ ነገር ግን ዝም ያለ መሪ እንደማያይ በራሱ አፍ ተናገረ ማለት ነው።

ታይንስ ውሃውን አተኩሮ አየ። «አልታየኝም ጋሼ።»

ሌላ እንግዳ ቢሆን «አዎ፣ አዎ፣ አየሁት!» ብሎ ይወረውር ነበር። የእኛ ኑሮ የቆመው በዚህ ይሉኝታ ላይ ነው።

«አንድ ሰዓት! ትልቅ ነው፣ እየመጣ ነው!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልታየኝም።» ትንሽ ቆይቶ ግን ታይንስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁለት ሰዓት ላይ ሦስት አሉ። ጅራታቸው ከውሃ ወጥቷል። ልወርውር?»

ፕሬስኮት ዞሮ ጭጋጉን አየ። «እነሱንማ አየኋቸው። ትናንሾች ናቸው፤ ይተዉአቸው።»

«እሺ ጋሼ» አለና ዘንጉን ዝቅ አደረገ።

እስከ ምሳ ዘጠኝ ዓሣ ጠራ። ታይንስ ዘጠኙንም አላየም። የተቋጠረላቸውን ሩዝ በአተርም አልነካም።

«ምነው አይበሉም?»

«ሆዴ እምቢ አለኝ።» ሰውየው ምሳውን መልሶ ቋጠረ። «የእርስዎን ስም አክሊንስ ድረስ እንሰማዋለን ጋሼ።»

የቀብር ንግግሬን ጀመረ፣ አለ ፕሬስኮት በልቡ።

ከሰዓት በኋላ አምስት ጨመረ። ዘጠኝ ጊዜ የዋሸ ሰው አሥረኛው ላይ ጨዋ ልሁን ቢል ማን ያምነዋል? አሥራ ሁለተኛውንማ ሲዘል አይቼዋለሁ ብሎ ማለ። በአሥራ አራተኛው ላይ ታይንስ «እሱ የማንግሮቭ ዛፍ ሥር መሰለኝ» ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ሳቁን እየዋጠ ነው፣ አለ ፕሬስኮት፤ እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

ወደቡ ላይ ኬንድራ ወረቀቷን ይዛ ቆማለች።

«እንዴት ዋላችሁ?»

ታይንስ ባርኔጣውን አወለቀ። «ጋሼ አሥራ አራት ዓሣ ጠሩ። እኔ አንዱንም አላየሁም» አለና አቀረቀረ።

ፕሬስኮት ሰውየው ሊያጋልጠው አፍሮ እንዳቀረቀረ ገባው፤ አንጀቱን በላው። ዕድሜውን ሙሉ የሌለ ዓሣ እየጠራ ስንቱን ሲሸነግል ኖሮ፣ አንድ ሐቀኛ ሰው በእሱ ምክንያት ሲሳቀቅ ግን ማየት አልቻለም። መቆሚያዋን በልቡ ተሰናበታት።

«አልነበሩማ» አለ። «አንድም ዓሣ አልነበረም። አሥራ አራቱንም ከአፌ ነው ያወጣኋቸው። እሳቸው ምን በወጣቸው? እኔ እኮ…»

ኬንድራ አላስጨረሰችውም፤ እየሳቀች የታይንስን እጅ ጨበጠች። «አለፉ ሚስተር ታይንስ፤ ያላዩትን አየሁ አላሉም፤ ከሰኞ ጀምሮ ከእኛ መሪዎች አንዱ ነዎት! ጋሽ ፕሬስኮት፣ ነገ ደግሞ ሁለተኛው ተፈታኝ ይመጣል፤ ለእሱም በደብዳቤዬ እንደለመንኩዎ፣ ልክ እንደዚህ አሳምረው ይዋሹልኝ።»