የአበልጄ ሞተሪኖ

«ቁልፉን ቶሎ አይለቁትም፤ እሱ ነው የሚያስጮኻት» አለኝ ሀብቱ፣ ክንዱን አጣጥፎ እንደቆመ።

መኪናዬን እንደገና አስነሳሁለት። ሞተሩ ወዲያው ያዘ፤ ቁልፉን ለቀቅኩ። ያኔ መጣ፣ ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚያወጣው ጥርስ የሚያሳክክ ፉጨት።

«አሁንስ ያዝኩት? እጄን አይተዋል።»

«አይቻለሁ። ይዘውታል።»

ሀብቱ አበልጄ ነው። ልጁን ቤተልሔምን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። አበልጅና አበልጅ አንተ አንቺ አይባባልም፤ ስለዚህ ኦክላንድ እሱ ጓሮ ቆመን በአንቱታ ነበር የምንሰዳደበው።

ሞተሩን የምታስነሳዋን ሞተሪኖ ከሦስት ሳምንት በፊት የቀየረልኝ እሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ፒካፔ የምታፏጨው። መጀመሪያ ዝም አልኩ፤ ለአበልጅ እንዴት ተብሎ ይነገራል ብዬ። በኋላ ስልክ ደወልኩ፤ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» አለኝ። ዛሬ ጠዋት ሁለቴ አልነሳ ብላ በመከራ ተነሳች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስነዳ ከተማ፣ ሚልፒታስ፣ ሥራ መግባት አለብኝ። በማርፈድ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አስጠንቅቀውኛል። ሱፐርቫይዘሬ «አንዴ ደግሞ ካረፈድሽ ባጅሽን ታስረክቢያለሽ» ብላኛለች። አሁን አምስት ተኩል ሆኗል።

«ቮላኖው ነው» አለ ሀብቱ። «ሞተሪኖው የሚያዞረው ትልቁ ጥርሳም ብረት። ጥርሱ ተበልቷል። እሱን ለመቀየር ግማሽ መኪና ማውረድ ነው። አርጅታለች፤ ይጣሏት።»

«እርስዎ ጋ ስትመጣ ወጣት ነበረች?»

«እኔ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት መኪና ፈትቻለሁ።»

«ሁሉም ቶዮታ! ይቺ አሜሪካ ሠራሽ ናት።»

«እንዴ! ይህን ደግሞ ስንተኛ ክፍል ላይ ነው ያስተማሩዎት? አራተኛ?»

«ሦስተኛ ነው ያቆምኩት። ጆሮዬን ግን ይዤ ነው የወጣሁት።»

ሳቀ። ሳቁ ነው ያበሸቀኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ትናንሽ ሞተር ስገጣጥም ኖሬያለሁ። ጥርስ የተበላ ከሆነ ገና ስታስነሳው ነው የሚንገጫገጨው፤ አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ ይስታል። ይቺ ግን ከተነሳች በኋላ ነው የምታፏጨው። ጥርስ ከጥርስ ከልክ በላይ ተጠጋግቶ ሲቀመጥ እንዲህ ነው የሚሆነው። እኛ መሥሪያ ቤት መሃላቸው እንደ ወረቀት የሳሳ ብረት ስናስገባበት ዝም ይላል።

«መፍቻ ይስጡኝ» አልኩት።

«ለምን? ተሰብሮብኝ ልቅር?»

የራሴን ከወንበሩ ሥር አወጣሁ። ባትሪውን ፈታሁ፣ ካርቶን አነጠፍኩና በጀርባዬ ተኝቼ ከመኪናዬ ሥር ገባሁ። ፒካፕ ከፍ ያለ ነው፤ ክሪክም አያስፈልገው።

«አበልጄ፣ ኧረ ይውጡ! ሰው ቢያይ ምን ይላል?»

«ሴትየዋ መኪና ትሠራለች፣ ሰውየው ያያል ይላላ።»

ሁለቱን ብሎን ፈትቼ ሞተሪኖውን ደረቴ ላይ አሳረፍኩት። ከባድ ነው፤ ትንፋሽ አሳጠረኝ። የተቀመጠበትን ቦታ በስልኬ መብራት አየሁት። ዙሪያውን ሁሉ የዓመታት ዘይትና አቧራ ተጋግሮበታል። መሃል ላይ ግን የጣት ቁመት የምታህል ቦታ ብቻዋን ነጭ ሆናለች። አንድ ነገር ለዓመታት ተለጥፎባት ኖሮ የተነሳ ይመስላል።

«አበልጄ!» አልኩ ከሥር። «እዚህ መሃል ስስ ብረት ነበረች። የት አደረሷት?»

ከተኛሁበት የሚታየኝ ጫማው ብቻ ነው። ጫማው ወደ ኋላ ዞረ። ከዚያ ወደ ጋራዡ ሄደ።

መሳቢያ ሲስብ አልሰማሁም። ጣሳ ሲያገላብጥም አልሰማሁም። ወዲያው ተመለሰና እጁን ወደ ሥር ዘረጋልኝ። ብረቷ ተጠርጋ፣ በንጹሕ ሶፍት ተጠቅልላ ነበር።

«ትርፍ መስላኝ ነበር» አለ። «ቶዮታ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር የለም።»

«አለመሆኗንስ መቼ አወቁ?»

ጫማው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አበልጄ፣ መቼ?»

«በማግስቱ።»

ሦስት ሳምንት። ማርፈዴን፣ የሚያስጠነቅቁኝን፣ በየቀኑ እንድትነሳልኝ መኪናዬ ውስጥ የምጸልየውን ሁሉ አስቤ መፍቻውን ጨበጥኩት።

«እና ዝም አሉኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርዎ? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ለሰው ሁሉ ሊያወሩብኝ? እኔ በዚህ እጄ ነው የምኖረው።»

«አሁንስ ዝም የምል መስሎዎት ነው?»

ብረቷን በቦታዋ አስገባሁ፣ ሞተሪኖውን በጉልበቴ ደግፌ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅኩ። ከሥር ስወጣ ሊያነሳኝ እጁን ሰጠኝ። ጎማውን ይዤ ተነሳሁ።

ባትሪውን አሰርኩና አስነሳሁ። ሞተሩ ያዘ፤ ቁልፉን ለቀቅኩ። ምንም የለም። የሞተሩ ድምፅ ብቻ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። መንገዱ ላይ ትራፊክ ይኖራል። መሄድ ነበረብኝ።

አጠፋሁና እንደገና አስነሳሁ። ምንም። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ፊት ፊቱን እያየሁ ደግሜ አጠፋሁ፣ ደግሜ አስነሳሁ።

«ይሂዱ እንግዲህ» አለ። «ሥራ ይረፍድብዎታል።»

«ይስሙ።»

አጠፋሁ። አስነሳሁ። ሀብቱ መሬት መሬት እያየ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ እጁን ይጠርግ ጀመር፤ መዳፉን፣ ጣቶቹን፣ ከጥፍሩ ሥር። እጁ ንጹሕ ነበር።