የሰፊ ቤት ቋንቋ

አሥር አለቃው ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቀራቸው ጠላት አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ባልና ሚስት ልብስ ሰፊዎች ይሠራሉ፤ ባልየው ይሰፋል፣ ሚስትየዋ ትቆርጣለች። ግድግዳው ስስ ነው፤ ማዶ ሲያስነጥሱ ወዲህ «ይማርህ» ያሰኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የባልየው ድምፅ ነጎደ።

«አንገቱን ቁረጪው! እጆቹን ንቀያቸው! ወገቡን ሰንጥቂው አልኩሽ!»

አሥር አለቃው ፖሊስ ጠሩ። ፖሊሱ ገስግሶ መጣና ሟቹ የት እንዳለ ጠየቀ። ሚስትየዋ ከጠረጴዛው ላይ አንገትና እጅጌ የሌለው ካፖርት አንስታ አሳየችው። በሰፊ ቤት ካፖርትም አንገት፣ እጅና ወገብ እንዳለው ከማንም በላይ እየሳቀች አስረዳችው። ፖሊሱም ተንከተከተ፤ በዚያው የሱሪውን ወገብ እንድታሰፋለት ተለክቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው አሥር አለቃውን «አንገቱ» ይላቸው ጀመር። እሳቸው ግን አልሳቁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባይ ናቸው፤ ደግሞም ካፖርት ጥርስ የለውም። የሴትዮዋ የፊት ጥርስ ግን አንድ ጠዋት ወልቆ አዩ፤ ክንዷም ጠቁሯል። ምን ሆንሽ ቢሏት ማሽኑ መታኝ አለች።

ደግመው ፖሊስ ጠሩ። ፖሊሱ አሁንም ሳቀና፣ ሌላ ጊዜ ቢጠሩት የሚታሰሩት እሳቸው እንደሆኑ ነገራቸው። ሚስትየዋ እስከ በራቸው ሸኘቻቸው።

«አባባ፣ የሰፊ ቤት ቋንቋ ነው» አለቻቸው ቀስ ብላ። «እሱ ሲጮህ ሰምተው እንዳልሰሙ ይሁኑልኝ።»

ቅዳሜ ቀትር ላይ ባልየው እንደገና ጮኸ። «አንገት!» አለ፣ «እጅ!» አለ። ጠረጴዛ ተገለበጠ፣ መስተዋት ተሰበረ፣ አንድ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። አሥር አለቃው ብድግ አሉ። እስሩና የሰፈሩ ሳቅ ትዝ አላቸውና መልሰው ተቀመጡ። ሬዲዮናቸውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት።

ሲዘጉት ማዶ ጭጭ ብሏል። የማሽኑ ድምፅ እንኳ የለም። ገደላት፣ እኔም አብሬ ገደልኳት አሉ። ፈሪነታቸውን እየረገሙ ዱላቸውን ይዘው ወጡና የሰፊዎቹን በር ይደበድቡት ጀመር።

«ክፈት፣ አንተ አረመኔ! ምን አደረግካት?»

በሩ ተከፈተ። ሚስትየዋ እስከ ክርኗ በደም የቀላ እጇን በፎጣ እየጠረገች ቆማለች።

«አባባ፣ ሬዲዮውን ከፍ ስላደረጉልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»