የወንዴ ጉማሬ

«ብሽሽትህን ያመመህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው ሐኪሟ። ወንዴ አፉን ሳይከፍት፣ ሊያስታምሙት ከኮላ ድባ ጎንደር ድረስ አብረውት የመጡት ጎረቤቱ አያ አለነ ቀደሙት። «ጣና ዳር ጉማሬ ከነከሰችው ወዲህ ነዋ። ሦስቴ አጥልቃ አወጣችውና አሳዘናት መሰል ለቀቀችው።»

 የቡአ ኦፕራሲዮኑን መናገር አፍሮ፣ ከአምስት ዓመት በፊት ጉማሬዋን ጠላ ቤት ፈጥሮ ያወራት ወንዴ ራሱ ነበር።

«መርፌ ልሞክር ወይስ ልክፈተው ብዬ ለመወሰን፣ እውነቱን ማወቅ አለብኝ» አለች ሐኪሟ።

ወንዴ ጋቢውን ገልጦ ጠባሳውን አሳያት። «የምን ጉማሬ። ቡአ ነበር፣ ተሰፋሁ፤ ከዚያ ወዲህ ስራመድም ስቀመጥም ይወጋኛል።»

አያ አለነ ጋቢውን መልሰው አለበሱት። «አይስሙት ዶክተር፤ ሕመሙ ሲጠናበት ያስቀባጥረዋል። ጉማሬዋን እኔው በዓይኔ አይቻታለሁ።»