የታችኛው መሳቢያ

«ስድስት ገጽ ነው» አልኩና ደብዳቤውን ጠረጴዛቸው ላይ ጣልኩት። «አንድ ቃል አልቀንስበትም!»

እትዬ ተናኘ ቀና እንኳ አላሉም። መጻሕፍታቸውን ካርቶን ውስጥ ይደረድራሉ። የትምህርት ቤታችን የሥነ ልቦና አማካሪ ሆነው ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩባት ክፍል ናት፤ ዛሬ በጡረታ ይሰናበታሉ። ተተኪያቸው ደሃቦ፣ ከስምንት ዓመት በፊት እኔው ታሪክ ያስተማርኳት ልጅ፣ አጠገባቸው ቆማ ፕላስተር ትቆርጣለች።

«ሲጀምር ምን ይላል?» አሉኝ።

«‹ይድረስ ወንበርን ከልጅ ለማይለዩ ሹማምንት› ይላል።»

«ጎሽ። የዛሬውስ ረጋ ያለ ነው።»

ደሃቦ በፕላስተሩ ጥቅል አፏን ሸፈነች።

እንዴት ልረጋ? ዳይሬክተራችን ባሬ ይህችን ክፍል ከዛሬ ጀምሮ የተሰበሩ ወንበሮች ማከማቻ ሊያደርጋት ነው። ለደሃቦ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ይበቃታል ብሏል። ሃያ መምህር ሻይ በሚጠጣበት ክፍል ገብቶ የሚያለቅስ ልጅ የት አገር ነው ያለው? የዚህች ክፍል በር የሚከፈተው ከውኃው ሮቶ ጀርባ ነው። ልጁ ውኃ ልጠጣ ብሎ ያስፈቅዳል፤ ማንም ሳያየው ገብቶ ይናገራል፤ ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል። ይህ ያልገባው ሰው ትምህርት ቤት ቀርቶ የፍየል በረት መምራት አይችልም! ይህችም ዓረፍተ ነገር ገጽ ሦስት ላይ አለች።

«እንደ ወትሮው በእጅዎ ያድርሱልኝ» አልኩ። ቤታቸው ከትምህርት ቢሮው ጎን ስለሆነ፣ ከ2011 ጀምሮ ደብዳቤዎቼን ሁሉ የሚያደርሱልኝ እሳቸው ናቸው። «ፖስታ የለም እዚህ?»

«ተወው፣ ደሃቦ ትፈልግ...»

እኔ ግን ጎንበስ ብዬ የታችኛውን መሳቢያ ስቤዋለሁ።

የገዛ እጅ ጽሑፌን አልስተውም። በጫማ ክር ታስረው፣ በየቀናቸው ተደርድረው፣ ደብዳቤዎቼ ተኝተዋል። ስለ ሽንት ቤቱ በር የጻፍኩት። ስለ ጠመኔው። በኮቪድ ጊዜ ስለ ፈተናው። አንዳቸውም ከዚህ ክፍል አልወጡም።

«እትዬ ተናኘ!»

«አቤት።»

«ሰባት ዓመት!»

«ሰባት ዓመት ሙሉ ሳትባረር ኖርክ» አሉ፣ ካርቶኑን እየዘጉ።

«ታዲያ የሽንት ቤቱ በር እንዴት ተሠራ? በደብዳቤዬ ደንግጠው መስሎኝ ለከተማው ሁሉ አውርቻለሁ እኮ!»

«ቢሮው ሄጄ ‹በር የለንም› አልኳቸው። በግመል ወተት የፈላ ሻይ ጋበዙኝ። በሳምንቱ በሩ መጣ።»

ከደብዳቤዎቼ ሥር በልጅ እጅ የተጻፉ ፖስታዎች አየሁ። እጄን ልሰድ ስል፣ «እነዚያን እንዳትነካ!» አሉ። ድምፃቸው ከፍ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «የልጆቹ ናቸው። የተናደደ ልጅ ይጽፋል፣ እኔ ጋ ያስቀምጣል። ሳምንት ቆይቶ ይመጣና ይላክ ወይስ ይቅር፣ ራሱ ይወስናል። አንተ ግን ስላለፈው ጠይቀህ አታውቅም፤ ቀጣዩን ይዘህ ከች ትላለህ።»

«የኔም እዚያ ውስጥ አለ፣ መዓሊን» አለች ደሃቦ። ያኔ ሳስተምራትም በሶማሊኛ መዓሊን፣ መምህሬ፣ ነበር የምትለኝ። «አሥረኛ ክፍል ሆኜ የጻፍኩት። ለእርስዎ ነው።»

«ለእኔ? ምን ይላል?»

«ወላሂ፣ የሙከራ ጊዜዬ ሳያልቅ አልናገርም።»

ያን ጊዜ ከውጭ ብረት ሲጎተት ተሰማ። ባሬ አንድ ወንበር ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ፤ ሁለት ሠራተኞች ከኋላው አሉ። ሲያየኝ ወንበሩን አውርዶ ከፊቱ እንደ ጋሻ ያዘው።

«ኃይለልዑል፣ አስቀድሜ ልንገርህ፣ ጩኸት ከሆነ...»

ገጽ ሦስት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ወደ እትዬ ተናኘ ዞርኩ።

«እኔ ሂያጅ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ይህን በር እኔ አልጠይቅልህም።»

የፍየሉን በረት ዋጥኩት።

«ባሬ፣ የኔ መማሪያ ክፍል ከኋላ በኩል ባዶ ነው፤ ወንበሮቹ እዚያ ይደርደሩ። ይህችን ክፍል ግን ተውልን። ልጆቹ የሚመጡት በሯ ስለማይታይ ነው።»

ባሬ ቀጣዩን ጠበቀ። ሠራተኞቹም ጠበቁ።

«በቃ?» አለ።

«በቃ።»

«ስድብ የለውም?»

«የለውም።»

«አሞሃል እንዴ?» ብሎ አተኩሮ አየኝ፣ ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረ። «ምን አጠጣችሁት?» ወንበሩን መልሶ ትከሻው ላይ አወጣ። «የታሪክ ክፍል ውሰዱት» አላቸው ለሠራተኞቹ። «ፈጠን በሉ፣ ሐሳቡን ሳይቀይር!»

እትዬ ተናኘ ቁልፉን ደሃቦ መዳፍ ላይ አኖሩ፣ ግንባሯን ሳሟት። ካርቶናቸውን ታቅፈው ሲወጡ በክርናቸው ጎኔን ጎሰም አደረጉኝ። የወሰዳቸው ባጃጅ ድምፅ እስኪርቅ ድረስ ቆምኩ። በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ ክፍሏን አተረፍኳት፤ ስድስቱ ገጽ ግን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አለ። ያ ደግሞ እንደገና አናደደኝ።

ሮቶው ጋ ቧንቧ ተከፈተ። ውኃው ይፈሳል፤ የሚጠጣ ግን የለም።

«ልጅ መጥቷል፣ መዓሊን» አለች ደሃቦ በሹክሹክታ፣ እጇን እየዘረጋች። «ደብዳቤውን ላድርስልዎት?»

እጇን አየሁ። መሳቢያውን አየሁ።

«ዛሬውኑ ይድረስ» አልኳት ኮስተር ብዬ።

«ዛሬውኑ» አለች፣ ጎንበስ ብላ ደብዳቤዎቼ የታሰሩበትን የጫማ ክር እየፈታች።