የእንድርያስ ሄድፎን

ባሏን የነጠቀቻትን ሴት ማንነት ሐመልማል አታውቅም ነበር። የምትኖርበትን ግን ደርሳበታለች፤ እንድርያስ ጆሮ ላይ፣ ሄድፎኑ ውስጥ።

እንድርያስ የሕንፃ ንድፍ ይሠራል። መሪ ሰፈር ወዳለው ኮንዶሚኒየማቸው ገና ከመግባቱ ያን ትልቅ ጥቁር ሄድፎን ጆሮው ላይ ይደፋል፤ ሰማያዊ መብራቷ ቦግ ትላለች፣ እሱም ከቤቱ ይጠፋል። "እራት ቀርቧል!" ብትለው ወይ ፍንክች። ትከሻውን ስትነካው ክው ብሎ ያወልቅና "ይቅርታ ሐሙዬ፣ ሙዚቃው ይዞኝ ነው" ይላል። ዘፈን እየሰማ እንዲህ የሚደነግጥ ሰው አይታ አታውቅም።

ስልክም ከልክሏታል። "አትደውይልኝ፣ ቴክስት አድርጊልኝ፤ ስብሰባ እየበዛብን ነው።" አጠገቡ ሰው ከሌለ የሚስቱ ድምፅ ምን ያስፈራዋል? መብራት የሄደ ማታ ደግሞ የጀመሩትን ጨዋታ እንኳ ሳይጨርስ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል። ስታናግረው ዓይኗን አያይም፤ አፍ አፏን ነው የሚያየው። ዓይን የሚሸሽ ሰው ደግሞ የሚደብቀው አያጣም።

ቅዳሜ ነገሩ ይብሳል። "ወክ ላድርግ" ብሎ በማለዳ እንጦጦ ይወጣና ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ ይመለሳል። ስፖርት የሠራ ሰው ላቡን ይዞ ይመጣል እንጂ ታጥቦ ይመጣል? የት ነው የታጠበው? ፎጣውንስ ማን አቀበለው?

"ዝም ብለሽ አንድ ቀን ተከተይው" አለቻት እኅቷ ብርቄ።

"ባሌን ባሕር ዛፍ ለባሕር ዛፍ እየተሹለከለክሁ ልሰልል? ይቅርብኝ!" አለች ሐመልማል። ኩራቷ ከቅናቷ ይበልጥ ነበር።

ይልቅ ሌላ ነገር ሞከረች። "እሱን ትተህ ሁለታችንም የምንሰማው ስፒከር እንግዛ" አለችው። ድሮ ማታ ማታ አብረው ሙዚቃ ይሰሙ ነበር፤ ናፍቋታል። እሺ አላት።

ዓርብ ከሥራ በኋላ ጉርድ ሾላ አንድ ሱቅ ገቡ። ሻጩ ትንሿን ስፒከር ከፈተላቸው። ድምፅዋ የጠራ ነው፤ ዘፋኟ ትንፋሿን ስትስብ እንኳ ይሰማል። ሐመልማል ወደደቻት። እንድርያስ ዞር ብሎም አላያት። ጥግ ላይ የቆመውን ቁም ሣጥን የሚያህል ስፒከር አስከፈተ፤ መዳፉን የስፒከሩ ደረት ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ፈገግ አለ።

"ይሄ ይሁን።"

"ይሄ እኮ ዱም ዱም ብቻ ነው! የታች ቤት ሰዎች ምን ይሉናል?" አለች ከኋላው።

"ይሄ ይሁን" አለ ሻጩን እያየ። ሐመልማልን ከቁብም አልቆጠራት። ያኔ ቆረጠች።

በማግስቱ እንድርያስ ከእንጦጦ ተመለሰ፤ ፀጉሩ እንደ ልማዱ እርጥብ ነው። ጫማውን አውልቆ ቲቪው ጥግ ተንበረከከና የአዲሱን ስፒከር ገመዶች ማገናኘት ጀመረ። ጀርባውን ሰጥቷታል። ሄድፎኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ዛሬ ሰበብ የለውም።

ሻንጣዋን ይዛ በሩ አጠገብ ቆመች።

"እንድርያስ፣ ሁሉንም አውቄዋለሁ። ብርቄ ጋ መሄዴ ነው። ማን እንደሆነች አልጠይቅህም። አሁንም እወድሃለሁ፤ ሞኝ ነኝ። 'አትሂጂ' ካልከኝ ሻንጣውን አስቀምጣለሁ። አንድ ቃል ብቻ።"

ገመዱን ጠመዘዘው። ጠበቀች። ሌላ ገመድ አነሳና ጫፉን በጥርሱ ላጠው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ለእሷ ግን መልሱ ይኸው ነበር። ቢያንስ የሴትየዋን ስም ይዛ ለመሄድ ብላ ሄድፎኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።

ጉርድ ሾላ ስትደርስ ስልክና ሄድፎን የሚጠግነው በአምላክ ሱቅ ገባች።

"በዚህ ከማን ጋር ሲያወራ እንደነበር ልታወጣልኝ ትችላለህ?"

"ሄድፎን ወሬ አያስቀምጥም፣ እትዬ" ብሎ ሳቀ። ገልበጥ ሲያደርገው እጀታው ላይ የተጠመጠመውን ቀይ ፕላስተር አየ። "ይሄንንማ አውቀዋለሁ! ይቺን የለጠፍኳት እኔ ነኝ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ሲመለሱ ነበር ያመጡልኝ፣ ፀጉራቸው ገና አልደረቀም። ወንድምዎ ናቸው?"

ሐመልማል ወደ ሄድፎኑ ጠጋ አለች። "ታዲያ ተሠራ?"

"ድምፁ? ድምፁማ ከሞተ ዓመት አልፎታል።"

"በየቀኑ ያደርገዋል እኮ!"

"እኔም ድምፁን ልመልስልዎ ብያቸው ነበር" አለ በአምላክ። "አፍ አፌን ሲያዩ ቆዩና፣ 'ድምፁ ከእንግዲህ ለእኔ ጆሮ ምን ያደርግለታል፣ ወንድሜ? መብራቷን ብቻ አብራልኝ፤ ሚስቴ እንዳታውቅብኝ' አሉኝ።"