ሁለት ለአንድ

የሃሎዊን ዕለት ልጆች ከረሜላ ፍለጋ የሚያንኳኩት የበረንዳው መብራት የበራለትን ቤት ብቻ ነው። ካሪሳ ገና ሳይመሽ መብራቷን አብርታ፣ ከረሜላውን በሳህን ሞልታ ጠበቀች። አንድም ልጅ ዝር አላለም። መጠበቁ ሲሰለቻት መብራቱን አጠፋችና ሶፋዋ ላይ ብርድ ልብሷን ደርባ ለጓደኛዋ ለብሪን ደወለች።

ከተማሪነታቸው ጀምሮ በዚህ ቀን አስፈሪ ፊልሞችን እያከታተሉ አብረው ያመሹ ነበር። ብሪን አግብታ ሌላ ግዛት ከሄደች ወዲህ ግን የሚያዩት በየቤታቸው ሆነው፣ በስልክ እያወሩ ነው።

«በአሻንጉሊቷ ፊልም እንጀምር» አለች ካሪሳ።

«ኧረ ተይኝ! አምና በሷ ጦስ መብራት አብርቼ ነው ያደርኩት። የመርከቡ ይሻላል።»

«አንቺ ፈሪ! ባልሽ አጠገብሽ ተኝቶ?»

«እሱማ ከእኔ ይብሳል።» ብሪን ሳቀች። «በቃ እሺ፣ ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ። አሻንጉሊቷ ትሁን።»

«የምን ሁለት?»

«አንቺና እንግዳሽ ናችኋ! ከቅድም ጀምሮ በሹክሹክታ ‹አሻንጉሊቷን በያት› ስትልሽ እየሰማኋት ነው። ደግሞ እንኳን መጣችልሽ፤ ዘንድሮም ብቻሽን ልታመሺ ነው ብዬ ሆዴን ሲበላኝ ነው የዋለው። ማናት?»

ካሪሳ «ማንም የለም» ልትል አፏን ከፈተች።

የብርድ ልብሱ ሌላኛው ጫፍ ቀስ ብሎ ተሳበ፤ የበረደው ሰው እግሩን ሲሸፍን እንደሚያደርገው።